የገበጣ ጨዋታ ደስታ ከምን እንደሚመነጭ፤ ከቋራና ከመተማ ቆላ አንጻር

ገለጉ የቋራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟ የወንዝም ስም ነው፤ የገለጉ ወንዝ ወደ ምዕራብ ወርዶ በሱዳን ምድር ከድንድር ወንዝ ጋር ይገናኛል። አገሩ ቆላ ነው። መሬቱ በብዙ ስፍራ ጥቁር ዋልካ በመሆኑ በክረምት ይጨቀያል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ስለሚበቅልበት በአረምና በአጨዳ ወራት ከደጋው ብዙ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል። ነባሩ የጉምዝ ሕዝብ ከአማራ፣ ከቅማንትና ከአገው ጋር በአካባቢው ይኖራል። በመተማ ዮሐንስ በኩል ደግሞ ጋላባት የተባለችው የሱዳን ከተማ ከድንበሩ ማዶ ስላለች ዐረብኛ ለገበያ ሰው እንግዳ ቋንቋ አይደለም። የታሪክ አንባቢ ይህን ጠረፍ የሚያስታውሰው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁበት በመሆኑ ነው፤ ቋራም የዐፄ ቴዎድሮስ የትውልድ አገር ናት።

ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገር፣ ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጣ ሕዝብ በሚገናኝበት በእንዲህ ያለ ስፍራ፣ ሰሌዳ የማይሻና ብዙ ቃል የማያስፈልገው ጨዋታ ምንነት ከሌላው ቦታ ይልቅ ጐልቶ ይታያል። ገበጣ እንዲህ ያለ ጨዋታ ነው። ጥያቄው ይህ ጨዋታ ቤተሰብንና ወዳጆችን ሰዓታት ሙሉ አንድ ላይ የሚያስቀምጥበት ምክንያት ምንድን ነው የሚለው ነው። በትምህርት ቤት አካባቢ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «አእምሮን ይስላል፣ ሒሳብ ያስተምራል» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት ባይሆንም የነገሩን ሥር አይነካም፤ ማንም ሰው መደመርን እማራለሁ ብሎ ከወንድሙ ጋር መሬት ላይ አይቀመጥም። የተሻለው መልስ ከጨዋታው ከራሱ አሠራር መገኘት አለበት። ይኸውም በሁለት ነገሮች ላይ ይቆማል፤ አንደኛው፣ በገበጣ ምንም ነገር ያልተሰወረ ሆኖ ሳለ መጨረሻው ግን ለዓይን የማይታይ መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው፣ ሕጉ ከውጭ ተጽፎ የመጣ ሳይሆን ተጫዋቾቹ ራሳቸው አስቀድመው የሚቈርጡት መሆኑ ነው።

ስለ መሣሪያው ብዙ መናገር አያሻም። በእንጨት የተፈለፈለ ገበጣ ባለበት በዚያ ይጫወቱበታል፤ በሌለበት መሬቱን በጣት ወይም በዱላ ጫፍ መቦርቦር ይበቃል። ለጠጠር የሚሆነው አገሩ የሚሰጠው ነው። ድንጋይ በማይበዛበት የዋልካ ምድር የቁርቁራ ፍሬ ዐጥንት፣ ባቄላ ወይም ሽምብራ ጠጠርን ይተካል፤ ጨዋታው ግን በዚህ አይለወጥም። ስሙን በሚመለከት አንዳንዶች «ገበጣ»ንና «ገበታ»ን አንድ አድርገው፣ ሰው እንደ ማዕድ የሚከበው በመሆኑ እንዲህ ተባለ ይላሉ። ትርጓሜው ያምራል፤ ሆኖም የ«ጠ» እና የ«ተ» መለያየት ቀላል ነገር ስላልሆነ የድምፅ መቀራረብ ብቻውን የዝምድና ማስረጃ አይሆንም።

ስለ ጥንትነቱ በይሓና በመጠራ የተገኙ በረድፍ የተቦረቦሩ ጉድጓዶች ብዙ ጊዜ ይጠቀሳሉ። ጉድጓድ በረድፍ መገኘቱ ብቻ ጨዋታ ነበረ ለማለት አያስችልምና እነዚህን በጥንቃቄ ማየት ይገባል። እርግጠኛው የጽሑፍ ምስክር የመጣው ከተጓዦችና ከሊቃውንት ነው። እንግሊዛዊው ቴዎዶር ቤንት የአክሱም ጉዞውን በተረከበት እ.ኤ.አ. በ1893 በታተመው መጽሐፉ ገበጣን ጠቅሷል። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1935 ስለ ኢትዮጵያ ጨዋታዎች ብቻ የሚናገር መጽሐፍ አሳተመ። ግሪዮል የመራው ከዳካር እስከ ጅቡቲ የዘለቀው የጥናት ጓድ እ.ኤ.አ. በ1932 ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዚሁ በጋላባትና በመተማ በር መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ከሁሉ የሚሰፋው ግን ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣው ጥናት ሲሆን፣ በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ በላይ የሆኑ የገበጣ ዓይነቶችን ሰብስቧል። ባለ ሁለት ረድፉ በሌላውም ዓለም የታወቀ ሲሆን፣ ባለ ሦስት ረድፉ የዚህ የአፍሪካ ቀንድ አገር ልዩ ምልክት ነው።

ጨዋታው እንዴት እንደሚሠራ ካልታየ ደስታው አይገባምና፣ ባለ ሁለት ረድፉን እንውሰድ። በእያንዳንዱ ረድፍ 6 ጉድጓድ፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ 4 ጠጠር አለ፤ በጠቅላላው 12 ጉድጓድና 48 ጠጠር ማለት ነው። ተራው የደረሰው ተጫዋች ከራሱ ረድፍ አንዱን ጉድጓድ መርጦ ጠጠሩን በሙሉ ያነሣና በተከታዮቹ ጉድጓዶች አንዳንድ እያደረገ ያድላል። የመጨረሻው ጠጠር ጠጠር ባለበት ጉድጓድ ከወደቀ፣ የዚያን ጉድጓድ ጠጠር ሁሉ አንሥቶ እደላውን ይቀጥላል፤ በባዶ ጉድጓድ ከወደቀ እጁ ይቆማል፣ ተራውም ለባላጋራው ይሆናል።

ጉድጓዶቹ ከተጫዋቹ ግራ እጅ ጀምሮ በራሱ ረድፍ ከ1 እስከ 6፣ ከዚያም በባላጋራው ረድፍ ዞሮ ከ7 እስከ 12 ይቈጠሩ። 6ኛው ከ7ኛው፣ 1ኛው ከ12ኛው ጋር ፊት ለፊት ይሆናሉ። ተጫዋቹ ከ1ኛው ጉድጓድ ቢጀምር 4ቱን ጠጠር ከ2ኛው እስከ 5ኛው ያድላል። 5ኛው አሁን 5 ጠጠር አለውና እነዚህን አንሥቶ ከ6ኛው እስከ 10ኛው ያደርሳል። የ10ኛውን 5 ጠጠር አንሥቶ በ11ኛው፣ በ12ኛው፣ በ1ኛው፣ በ2ኛውና በ3ኛው ይጥላል። 3ኛው 6 ሆኖአል፤ እነርሱ እስከ 9ኛው ይወስዱታል። 9ኛውም 6 ሆኖ ስለ ተገኘ ተነሥቶ በ10ኛው፣ በ11ኛው፣ በ12ኛው፣ በ1ኛውና በ2ኛው ታድሎ የመጨረሻው ጠጠር በ3ኛው ጉድጓድ ያርፋል። 3ኛው ጥቂት ቀደም ብሎ ተነሥቶ ባዶ ሆኖ ስለ ነበር እጁ በዚያ ይቆማል። አምስት ጊዜ ተነሥቶአል፤ 4፣ 5፣ 5፣ 6 እና 6 ሲደመር 26 ጠጠር በእጁ አልፎአል። ይህም ሁለት ሙሉ ዙርና ሁለት ጉድጓድ ነው።

መነሻው ጊዜ ሁሉም ጉድጓዶች እኩል ስለ ሆኑ፣ ከየትኛውም ቢጀመር መንገዱ አንድ ነው፤ ሁልጊዜ 26 ጠጠር ታድሎ ከመነሻው ሁለት ጉድጓድ አልፎ ይቆማል። ታዲያ ምርጫው ምን ይጠቅማል? ከሚሠራባቸው ሕጎች በአንዱ፣ የመጨረሻው ጠጠር በራስ ረድፍ ባለ ባዶ ጉድጓድ ካረፈ ፊት ለፊቱ ያለውን የባላጋራውን ጠጠር መውሰድ ይቻላል እንበል። በዚህ ሕግ ከ1ኛው ጉድጓድ የጀመረ ሰው 1 ጠጠር ብቻ ያገኛል። ከ2ኛው፣ ከ3ኛው ወይም ከ4ኛው የጀመረ 6 ያገኛል። ከ5ኛው ወይም ከ6ኛው የጀመረ ግን እጁ በባላጋራው ረድፍ ስለሚቆም ምንም አይደርሰውም። ይህን ማንም ሰው፣ ሕፃንም ቢሆን፣ ጥቂት ቀን ተጫውቶ ይደርስበታል። የመጀመሪያውን እርምጃ በቃሉ የያዘ ልጅ ምሥጢር ያገኘ ይመስለዋል፤ በእርግጥም አግኝቶአል።

ነገር ግን ምሥጢሩ ከሁለተኛው እርምጃ አያልፍም። ባላጋራው አንድ ጊዜ እንዳደለ በጉድጓዶቹ መካከል የነበረው እኩልነት ይፈርሳል፤ አንዱ 7፣ አንዱ 1፣ አንዱ ባዶ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የአንዱ እርምጃ ፍጻሜ እስከ አምስተኛውና እስከ ስድስተኛው ማንሣት ድረስ በልብ ካልተከተሉት አይታወቅም። በመካከል የአንድ ጠጠር ስሕተት ቢገባ ፍጻሜው ሁሉ ይለወጣል። በዚህ ጨዋታ የተሸፈነ ካርታ የለም፤ የሚጣል ዛርም የለም። ያለው ሁሉ በሁለቱም ፊት ተዘርግቶአል። ሆኖም ሰው የሚያየው ያለውን እንጂ የሚሆነውን አይደለም።

ይህ ነገር ሊቃውንት ጨዋታን ሲከፋፍሉ ካበጁት ሣጥን ውስጥ በቀላሉ አይገባም። ፈረንሳዊው ሮዤ ካይዋ እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው መጽሐፍ ፉክክርን ከዕጣ ለይቶ አስቀምጦአል፤ በፉክክር ሰው በችሎታው ይመካል፣ በዕጣ ግን ራሱን ለዕድል ይሰጣል። ገበጣ በአሠራሩ ከፉክክር ወገን ነው፤ በስሜት ግን ዕጣ የሚሰጠውን ተስፋ ጭምር ይሰጣል። የደከመው ተጫዋች «ምናልባት እጄ ሩቅ ይሄድ ይሆናል» ብሎ ያነሣል፤ አንዳንድ ጊዜም ይሄድለታል። የበረታው ደግሞ ድሉ ከዕድል ያልመጣ መሆኑን ስለሚያውቅ ይኰራል። አንዱ ተስፋውን ሳያጣ ሌላው ክብሩን ሳያጣ የሚቀመጡበት ጨዋታ ብዙ አይደለም፤ ለቤተሰብ የሚስማማውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከሌላው ዓለም ጋር ማመዛዘን ነገሩን ያብራራዋል። በምዕራብ አፍሪካ የሚጫወቱት ኦዋሪ እንደዚሁ 12 ጉድጓድና 48 ጠጠር አለው፤ ሆኖም እጅ አንድ ጊዜ ካደለ በኋላ ይቆማል፣ ጠጠሩን አንሥቶ መቀጠል የለም። ስለዚህ ስሌቱ አጭርና ጥርት ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአምስተርዳም ሁለት ሊቃውንት የዚህን ጨዋታ ከ889 ቢሊዮን የሚበልጡ አቀማመጦች በኮምፒዩተር መርምረው፣ ሁለቱም ወገኖች ሳይሳሳቱ ቢጫወቱ አቻ እንደሚወጡ አረጋግጠዋል። የምዕራብ አፍሪካ ሽማግሌዎች ይህን ሰምተው ጨዋታውን አልተዉም። በሌላ ወገን አሌክስ ዴ ቮግት እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ ዛንዚባር የባኦ ሊቃውንት ያሳተመው ጥናት፣ የሠለጠነ ተጫዋች ረጅም እደላን በልቡ ሊከተል እንደሚችል ያሳያል። እንግዲህ «ማንም አያየውም» ማለት ስሕተት ነው፤ ትክክለኛው አነጋገር «ሁሉም እኩል አያየውም» የሚለው ነው። ባለሙያው ከጀማሪው ሁለት ወይም ሦስት ማንሣት አርቆ ያያል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ለእርሱም ጭጋግ ነው።

በኢትዮጵያ ውስጥ ማመሳከሪያ የሚሆነው ሰንጠረዥ ነው። ቃሉ ከዐረብኛው «ሸጥረንጅ»፣ እርሱም ከፋርስና ከሕንድ የመጣ ሲሆን፣ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ በመስመር ለተከፋፈለ የቍጥር ገጽ መጠሪያ ሆኖአል። የጥንቱ ሰንጠረዥ የመኳንንት ጨዋታ ነበር፤ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው መጽሐፉ የትግሬው ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ይወዱት እንደ ነበር ጽፎአል። በአጀማመሩ ተጫዋቾቹ ተራ ሳይጠብቁ ጭፍሮቻቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ይህ «ወረራ» የሚባለው የመጀመሪያው ጭፍራ እስኪያዝ ድረስ ይቈያል። ንጉሡን መያዝ ብቻም አይበቃም፤ በየትኛው ጭፍራ እንደ ተያዘ ታይቶ የድሉ ክብር ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። እንዲህ ያለው ጨዋታ ማዕርግን ያስተምራል። በሰንጠረዥ ንጉሥ፣ ፈረስና ዝሆን አሉ፤ በገበጣ ግን አንዱ ጠጠር ከሌላው አይበልጥም። ጠጠር የማንም አይደለም፤ ዛሬ በዚህ ረድፍ የነበረው ከአንድ እርምጃ በኋላ በዚያ ረድፍ ይገኛል። ሠራዊት የሌለበት ጦርነት ቢባል ይቀርበዋል፤ ከዚያም ይልቅ የእህልና የከብት ነገር ይመስላል። ከገበጣ ዓይነቶች አንዱ «ላም ወለደች» መባሉ ይህን ያስታውሳል።

በቤተሰብ ውስጥ ያለው ትልቁ ችግር ተጫዋቾቹ እኩል አለመሆናቸው ነው። አባትና ልጅ፣ አጎትና የወንድም ልጅ፣ ባለቤትና እንግዳ በዕድሜ፣ በክብርና በችሎታ ይለያያሉ። በአገራችን ልማድ ሕፃን ታላቁን በአደባባይ አያርምም። በገበጣ ግን ቍጥሩ በሁሉ ፊት የሚፈጸም ስለ ሆነ ታላቁ ሰው ሁለት ጠጠር በአንድ ጉድጓድ ቢጥል፣ ልጁ «ጋሼ፣ እዚህ ሁለት ወደቀብዎ» ለማለት ይደፍራል። «ጋሼ» ማለቱ አልቀረም፣ «ወደቀብዎ» ማለቱም አልቀረም፤ አክብሮቱ እንዳለ ሆኖ ለዚያች ሰዓት ፈራጁ ጠጠሩ ነው። ታላቁም ቢሆን ጠጠሩን ወደ ስፍራው ሲመልስ ክብሩ አይነካም፤ ከልጁ ጋር ተከራክሮ የተሸነፈ ሳይሆን ቍጥር የሳተ ሰው ብቻ ነው። ሒሳብ ያስተምራል ከሚለው ውዳሴ ይልቅ ይህ ጥቅሙ የበለጠ ሊጤን ይገባ ነበር።

ተመልካቹም ከጨዋታው ውጭ አይደለም። በካርታ ጨዋታ ተመልካች ዝም ማለት ይገባዋል፤ የአንዱን እጅ አይቶ ቢናገር ምሥጢር ያወጣል። በገበጣ የሚወጣ ምሥጢር የለም። ተመልካቹ የሚያየው ተጫዋቹ የሚያየውን ነው፤ ስለዚህ ምክሩ ከተጫዋቹ አሳብ የበለጠ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ሁለት ሰው የሚጫወተው ጨዋታ አምስትና ስድስት ሰው የሚያጫውተው በዚህ ምክንያት ነው። መካሪ የበዛበት ተጫዋች ቢሸነፍ ሽንፈቱን የሚያካፍለው ሰው አያጣም።

ድሉም ወዲያው የሚቈረጥ አይደለም። በብዙ ዓይነት አጨዋወት አንዱ ዙር ሲያልቅ እያንዳንዱ ያገኘውን ጠጠር ይዞ ጉድጓዶቹን በ4 በ4 እንደ ገና ይሞላል። አንዱ 28፣ ሌላው 20 ቢያገኝ፣ 28 ያለው 7 ጉድጓድ ይሞላል፣ 20 ያለው 5 ብቻ። ስለዚህ አሸናፊው ከባላጋራው ረድፍ አንድ ጉድጓድ ወስዶ ሁለተኛውን ዙር በ7 ለ5 ይጀምራል። አንዱ 30፣ ሌላው 18 ቢሆን ግን ለእያንዳንዳቸው 2 ጠጠር ይተርፋል፤ የተረፈው ነገር እንዴት እንደሚሆን አስቀድሞ ካልተነገረ ጠብ ይነሣል። ይህ አሠራር ጨዋታውን ያስረዝማል፤ የተሸነፈውም የጠፋበትን ጉድጓድ ለማስመለስ ዕድል ያገኛል። ሆኖም እውነቱን ለመናገር አሠራሩ ርኅራኄ የለውም። ጉድጓድ የበዛለት ምርጫው ስለሚበዛ አሸናፊው ይበልጥ ይበረታል፤ ደካማው በ2 ወይም በ3 ጉድጓድ ቀርቶ ቀስ እያለ ሲጠፋ ማየት ለሕፃን ከባድ ነው። ስለ ገበጣ የሚጽፉ ሰዎች «ሁሉን እኩል የሚያደርግ ጨዋታ» የሚሉት ይህን ክፍል ዘንግተው ነው። በጎነቱ ሽንፈት የሌለበት በመሆኑ ሳይሆን፣ ሽንፈቱ ረጅምና ጫጫታ የሞላበት በመሆኑ ነው፤ ከመካከል የአንድ እርምጃ መገለባበጥ ስላለ እስከ መጨረሻው የሚነሣ ሰው የለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር፣ ወደ ሕጉ፣ እንመለስ። በዚህ ረገድ የቋራና የመተማ ጠረፍ ከሌላው አገር የበለጠ ምሳሌ ይሆናል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የሰፈራ ፕሮግራም የምግብ እጥረት ከነበረባቸው የአማራ ክልል ወረዳዎች ብዙ ቤተሰቦችን ወደ መተማና ወደ ቋራ አውርዶአል። የሰሊጥ ሥራም በየዓመቱ ከጐንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ ሰው ይጠራል። የገበጣ ሕግ ደግሞ ከወረዳ ወረዳ ይለያያል። በአንዱ ስፍራ ጉድጓድ 4 ሲሞላ ይወሰዳል፤ በሌላው ፊት ለፊት ያለው ይወሰዳል። በአንዱ እደላው ወደ ቀኝ ብቻ ነው፤ በሌላው አቅጣጫው በስምምነት ይወሰናል። ከወሎ የመጣና ከደምቢያ የመጣ ሁለት ሰዎች በአንድ ጥላ ሥር ቢቀመጡ የመጀመሪያው እርምጃ ጠጠር ማንሣት ሊሆን አይችልም። የመጀመሪያው እርምጃ «በእናንተ አገር እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ይህች ጥያቄ ቀላል አይደለችም። ጠያቂው የራሱ ሕግ ብቸኛ ሕግ አለመሆኑን በአንድ አፍ ያምናል፤ ተጠያቂውም ስለ ትውልድ አገሩ እንዲናገር በር ይከፈትለታል። በአንዱ ሕግ አንድ ጨዋታ፣ በሌላውም ሕግ ሌላ ጨዋታ መጫወት ይቻላል፤ ሁለቱን አደባልቆ ሦስተኛ ሕግ ማውጣትም ይቻላል። ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነቶች እንዴት ሊገኙ ቻሉ ለሚለው ጥያቄ እንዲህ ያለው ስምምነት የመልሱ አንድ ክፍል ሳይሆን አይቀርም። ያለ ጽሑፍ የሚተላለፍ ሕግ በሚስማሙት ሰዎች ቍጥር ልክ ይበዛልና።

ከድንበሩ ማዶ ሌላ የመሬት ጨዋታ ይገኛል። በሱዳን በሰፊው የታወቀው ሲጃ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሌን እ.ኤ.አ. በ1836 ባሳተመው መጽሐፍ በግብፅ ያለውን ዓይነቱን ገልጾታል። በአሸዋ ላይ 5 በ5 ሆኖ 25 ጉድጓድ ይቦረቦራል፤ እያንዳንዱ ተጫዋች 12 ጠጠር አለው። በተራ ሁለት ሁለት ጠጠር እያስቀመጡ ከመካከለኛው በቀር ጉድጓዶቹን ሁሉ ይሞላሉ። ከዚያ አንድ ጠጠር አንድ እርምጃ እየተራመደ የባላጋራውን ጠጠር በሁለት ጠጠሮች መካከል ያስገባ ይወስደዋል። የሁለቱን ጨዋታዎች ልዩነት መመልከት ይጠቅማል። በሲጃ የእኔ ጠጠርና የአንተ ጠጠር ተለይቶ ይታወቃል፤ ጠጠሩን ያጣ አጣ። ሥራውም ከሩቅ ማየት ሳይሆን ከቅርብ ማድፈጥ ነው፤ ዋናው ብልሃት ገና ጠጠሩ ሲቀመጥ ያልቃል። ሲጃን የለመደ ሰው ወደ ገበጣ ሲመጣ የሚያስቸግረው ቍጥሩ ሳይሆን «የእኔ የምለው የቱ ነው?» የሚለው ይሆናል። ሆኖም ሁለቱም የሚሹት መሬትና ጠጠር ብቻ ነው፤ ሁለቱንም በዓይን ብቻ መማር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ በመተማ በር ብዙ ስደተኞች ገብተው በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች መስፈራቸው ይታወቃል። ቤቱን ትቶ የመጣ ሰው ሰሌዳ ይዞ አይመጣም፤ ሲጃ ግን ሰሌዳ አይጠይቅምና ከተጫዋቹ ጋር ይሻገራል።

እዚህ ላይ የሚነሣ አንድ የንድፈ ሐሳብ ጥያቄ አለ። ሮበርትስ፣ አርዝና ቡሽ የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት ታዋቂ ጽሑፍ ጨዋታዎችን በሰውነት ችሎታ፣ በዕጣና በስልት ለይተው፣ የስልት ጨዋታ የሚገኘው ማኅበራዊ ሥርዐታቸው በተወሳሰበ፣ መደብና ሹመት ባላቸው ሕዝቦች ዘንድ ነው ብለዋል። ሰንጠረዥን ብቻ ላየ ሰው አባባሉ የተረጋገጠ ይመስለዋል፤ ጨዋታው የመንግሥት ሥዕል ነውና። ገበጣ ግን በዚህ ሚዛን በትክክል አይመዘንም። በውስጡ ሹመት የለም፤ መሣሪያው ሀብት አይጠይቅም፤ እረኛም መኰንንም ይጫወተዋል። በእርግጥ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ሹመትና መደብ ስለ ነበረው «ገበጣ የተገኘው በተወሳሰበ ሕዝብ ዘንድ ነው» ብሎ አባባሉን ማዳን ይቻላል። እንዲህ ካሉ ግን አባባሉ ስለ ጨዋታው ምንም አይነግረንም፤ የጨዋታውን መኖር ይቈጥራል እንጂ ማን ከማን ጋር፣ በምን ስምምነት እንደሚቀመጥ አይመለከትም። በአንድ ሕዝብ ውስጥ አንዱ የስልት ጨዋታ ማዕርግን ሲያጸና፣ ሌላው ለጊዜው ሲያላላው ይገኛል፤ ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ መቍጠር ልዩነቱን ይሰውራል።

ከዚህ የሚከተል አንድ የሥራ ጕዳይ አለ፤ እርሱም ገበጣን መዝግቦ የማቈየት ነገር ነው። ዛሬ በስልክ የሚጫወቱት የዚህ ጨዋታ ዘር ብዙ ነው። መሣሪያው ጠጠሩን ራሱ ያድላል፣ ራሱ ይቈጥራል፣ አይሳሳትም። ስለዚህ ልጅ ታላቁን የሚያርምበት አጋጣሚ የለም፤ ሕጉም አስቀድሞ ተቈርጦ የገባ ስለ ሆነ «በእናንተ አገር እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጨዋታው አለ፤ ከላይ የተነገሩት ሁለት ነገሮች ግን የሉም። የመስክ ተማሪም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከስልኩ ብዙ አይለይም፤ አንዱን ሽማግሌ ጠይቆ ሕጉን በቍጥር ጽፎ ይመለሳል። መጻፍ ያለበት ከጨዋታው በፊት የተባለው ጭምር ነው፤ ማን ሕጉን እንዳቀረበ፣ ማን እንደ ተቃወመ፣ በምን እንደ ተስማሙ፣ የተረፉት 2 ጠጠሮች የማን እንደ ሆኑ። በገለጉና በመተማ መሬት ላይ የተቦረቦረው ገበጣ የመጀመሪያው ትልቅ ዝናም ሲወርድ ከዋልካው ጋር ይደፈናል፤ በመስከረም መጨረሻ ሌላ ረድፍ የሚቦረቡሩት ሰዎች ደግሞ የአምናዎቹ ላይሆኑ ይችላሉ።